የፓርቲን ቃል «ከላይ የመጣ ነው» ማለት፦ የሞርሞን አጥቢያ መሪዎች ጉዳይ



ዛሬ የምንጽፈው ስለ አሜሪካ ሞርሞኖች ነው። «የነሱ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠን፤ እኛን ሙስሊሞችን በስም የሚያነሳ ነገር ወደ ኋላ ላይ አለ። በዐቂዳ በኩል ያለን አቋም የታወቀ ነው፤ ነቢይነት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተደምድሟል። ስለዚህ የሞርሞኖች መሥራች ነቢይ ነበር አልነበረም የሚል ሙግት ውስጥ አንገባም። ሰዎቹን ራሳቸው በሚያምኑበት ሚዛን ነው የምንመዝናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እንናገር። አንድ የሃይማኖት መሪ «እኔ ይህን ፓርቲ እመርጣለሁ» ቢል ሰው ነውና መብቱ ነው። «ይህን ፓርቲ እንድትመርጡ ከላይ ተገልጦልኛል» ካለ፣ ወይም በአፉ ሳይለው እንደዚያ እንዲሰማ ካደረገ ግን ፊቱ የተቀመጠውን ምእመን አፍ ለጎመው። ከሰው ጋር መከራከር ይቻላል፤ ከፈጣሪ ጋር ማን ይከራከራል?

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ቤቱ እንዴት እንደተሠራ እንይ። ይህን እምነት በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት የመሠረተው ጆሴፍ ስሚዝ ነው። ራሱን የሚጠራው «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ሲሆን ዛሬ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ይላል። ዋና መቀመጫው በዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ከላይ ነቢይ የሚሉት ፕሬዚዳንት፣ ከእሱ ቀጥሎ አማካሪዎቹና አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አሉ። ታች ደግሞ አጥቢያ አለ፤ እነሱ «ዋርድ» ይሉታል፤ መሪው «ቢሾፕ» ይባላል። ይህን ቃል ስንሰማ ካባ የደረበ ጳጳስ እንዳይመስለን። የሞርሞን ቢሾፕ ደመወዝ የለውም፤ ለዚህ ሥራ ብሎ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ገብቶ አልተመረቀም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የጥርስ ሐኪም፣ ገበሬ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ተጠርቶ ለአምስት ዓመት ገደማ ያገለግላል፤ ከዚያ ይወርድና እንደማንኛውም ሰው ከሕዝቡ መሀል ይቀመጣል። ብዙ አጥቢያዎች ተሰብስበው «ስቴክ» ይሆናሉ፤ የስቴኩም መሪ እንዲሁ ያለ ደመወዝ ነው የሚሠራው። እውነቱን ለመናገር፣ የሃይማኖት አገልግሎት መተዳደሪያ እንጀራ በሆነበት ዘመን ይህ የሚያስቀና ሥርዓት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሞርሞኖች ከላይ የሚመጣ ምሪት አልተቋረጠም ብለው ያምናሉ። እኛ ኢልሃም ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነገር ለማንኛውም አማኝ ሊመጣለት ይችላል ይላሉ፤ ግን እያንዳንዱ በተሰጠው ኃላፊነት ልክ ነው። አባት ለቤተሰቡ፣ ቢሾፕ ለአጥቢያው፣ ፕሬዚዳንቱ ለመላው ቤተ ክርስቲያን። ቢሾፑ «እገሊት የልጆች አስተማሪ ትሁን» ሲል ጸልዮ ምሪት አግኝቶ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ሕዝቡም እጁን አንሥቶ ይቀበለዋል። እንግዲህ ይኸው ሰው፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ድምፅ ስለ ምርጫ ሲናገር ሰሚው የቱን ከየት ይለያል? የቅዳሜው የፓርቲ ሰው የት ላይ አብቅቶ የእሑዱ ቢሾፕ የት ላይ ጀመረ?

ደግሞ ሰሚው ተነሥቶ መሄድ አይችልም። በአሜሪካ ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው የፓስተሩ ፖለቲካ ካልጣመው መንገድ ተሻግሮ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። የሞርሞን አጥቢያ ግን በመኖሪያ አድራሻ ነው የሚወሰነው። ቤትህ ያለበት ሰፈር አጥቢያህን ይወስናል፤ አጥቢያህ ቢሾፕህን ይወስናል። ወደ መቅደሳቸው ለመግባት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ የሚገኘው ከቢሾፑና ከስቴኩ መሪ ጋር ለብቻ ተቀምጦ ጥያቄ በመመለስ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «መሪዎችህን ትደግፋለህ ወይ?» የሚል ነው። ልጅህ በመቅደስ ስታገባ ያለዚያ ወረቀት ገብተህ ማየት አትችልም። የገቢውን አሥራት በዓመት አንድ ጊዜ ለቢሾፑ የሚያሳውቀውም ያው ምእመን ነው። በዚህ ሁሉ ገመድ የታሰረን ሰው «እኔ እኮ ሐሳቤን ነው የሰነዘርኩት» ማለት የእውነት አነጋገር አይደለም።

ላይ ያሉት መሪዎች ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። ዛሬ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዳሊን ኦክስ በአማካሪነታቸው ዘመን፣ በሚያዝያ 2021 በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ስለ ሕገ መንግሥቱ ሲናገሩ ግልጽ አድርገውታል፦ ታማኝ ሞርሞን የሆነ ሰው የእገሌ ፓርቲ አባል ሊሆን አይችልም ብሎ መናገር ነውር ነው፤ የአጥቢያ መሪዎችም የፖለቲካ ምርጫ በቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ውስጥ የትምህርትም የቅስቀሳም ርእስ እንዳይሆን አጥብቀው ይጠብቁ። የሌለ በሽታ መድኃኒት አይታዘዝለትም። በ2023 ደግሞ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በየአሜሪካ አጥቢያው በሚነበብ ደብዳቤ፣ እጩዎቹን ሳያጠኑ በልማድ ብቻ አንድን ፓርቲ ከላይ እስከ ታች መምረጥ ለዲሞክራሲ አደጋ ነው እስከ ማለት ደረሰ። አብዛኛው አባል ለአሥርት ዓመታት ሪፐብሊካንን ብቻ ሲመርጥ በኖረበት አገር ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

እነዚህ ሰዎች ከዚህ የደረሱት ብዙ ተደናቅፈው ነው። ጆሴፍ ስሚዝ ራሱ በ1844 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል፤ በዚያው ዓመት ነው በኢሊኖይ እስር ቤት ውስጥ በመንጋ የተገደለው። ተተኪው ብሪገም ያንግ ሕዝቡን ይዞ በ1847 ዩታ ከገባ በኋላ የሃይማኖቱም የግዛቱም አስተዳዳሪ ሆነ። ከዚያም ሞርሞኖች «የሕዝብ ፓርቲ» የሚባል የራሳቸው ፓርቲ ነበራቸው፤ ሞርሞን ያልሆኑት ሌላ። ፓርቲና ሃይማኖት አንድ ነበር ማለት ነው። በ1891 ዩታ ሙሉ ግዛት እንድትሆን ሲባል ፓርቲው ፈረሰ፤ ሕዝቡም በሁለቱ አገር አቀፍ ፓርቲዎች እንዲከፋፈል ተነገረው። በዩታ እስከ ዛሬ የሚተረክ ቀልድ መሰል ታሪክ አለ፦ አንዳንድ ቢሾፖች ስብሰባው መሀል ቆመው «ከመተላለፊያው በስተቀኝ ያላችሁ ሪፐብሊካን፣ በስተግራ ያላችሁ ዲሞክራት» ብለው መደቧቸው ይባላል። ሱብሓነላህ! በምሪት የሚመራ ሕዝብ የፓርቲ አባልነቱ በተቀመጠበት ወንበር ተወሰነ። በ1896 ደግሞ ሞዘስ ታቸር የተባሉ ሐዋርያ፣ ከፍተኛ መሪዎች ለሥልጣን ከመወዳደራቸው በፊት የቤተ ክርስቲያኒቱን ፈቃድ ይጠይቁ የሚለውን ሰነድ አልፈርምም ብለው ከሐዋርያነታቸው ተነሡ።

የሚገርመው ግን ሕዝቡ ከመሪዎቹ ቀድሞ ሁለቱን የለየበት ጊዜ መኖሩ ነው። ሞርሞኖች አልኮል አይጠጡም። በ1933 የመጠጥ ክልከላው ይነሣ አይነሣ ሲባል የወቅቱ ፕሬዚዳንታቸው ሂበር ግራንት አይነሣ አሉ። ዩታ ግን ይነሣ ብላ ድምፅ ሰጠች፤ ያውም ክልከላው የተሻረው ሠላሳ ስድስተኛዋ ግዛት እሷ ሆና ቁጥሩን ስትሞላ ነው። በ1936 የቤተ ክርስቲያኒቱ ጋዜጣ በፊት ገጹ ሩዝቬልትን የሚቃወም ርእሰ አንቀጽ አወጣ። ከ100 የዩታ መራጮች 69ኙ ሩዝቬልትን መረጡ፤ እሑድ ተመልሰው በየአጥቢያቸው ተቀመጡ። ማንም ከሃዲ ነህ አላላቸውም። እኛ ይህን የእምነት ድክመት አድርገን አናየውም። መሪያቸውን አክብረው በራሳቸው ጭንቅላት የመረጡ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጠበበው። ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ዕዝራ ታፍት ቤንሰን ናቸው፤ ሐዋርያ ሳሉ ከ1953 እስከ 1961 በአይዘንሃወር መንግሥት የግብርና ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ኮሚኒዝምን በየጓዳው የሚያድነውን የጆን በርች ማኅበር በይፋ ይደግፉ ነበር። በ1974 ሊበራል ዲሞክራት የሆነ ሰው ጥሩ ሞርሞን ሊሆን ይችላል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ወንጌሉን አውቆ ለሚኖርበት ሰው በጣም ይከብደዋል የሚል መልስ ሰጡ። በ1980 ደግሞ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር፣ ነቢዩ በፖለቲካም ጉዳይ መናገር ይችላል፣ ለመናገርም የዓለም ትምህርት ማስረጃ አያስፈልገውም አሉ። በሕይወት የነበሩት ፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምቦል በንግግሩ አልተደሰቱም፤ ለባልደረቦቻቸው ማብራሪያ እንዲሰጡ አደረጓቸው። የኪምቦል ተግሣጽ የተሰጠው ግን በዝግ ክፍል ነው። ንግግሩ ታትሞ በየአጥቢያው ተሰራጨ። የአንድ አጥቢያ ቢሾፕ ዛሬ ፈልጎ የሚያገኘው ንግግሩን ነው፤ ተግሣጹን ለማግኘት የታሪክ መጽሐፍ ማገላበጥ አለበት።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ሰዎችም ነበሩ። ሐዋርያው ሂው ብራውን ዲሞክራት ነበሩ። ከ1995 እስከ 2007 የፕሬዚዳንቱ አማካሪ የነበሩት ጄምስ ፋውስትም እንዲሁ። በሴኔቱ የአብላጫው መሪ የነበሩት ሃሪ ሪድ በ2007 ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዲሞክራት የሆኑት ሃይማኖታቸው ስለመራቸው እንደሆነ ነገሯቸው። ግን በ2014 ሪድ አብላጫውን ባጡበት ሰሞን አንድ የሎስ አንጀለስ ቢሾፕ፣ ይህ ሰው የመቅደስ ፈቃድ ይገባዋል ወይ የሚል ጥያቄ በአደባባይ አነሣ። አያችሁ የነገሩን አካሄድ? ክርክሩ ስለ በጀትና ስለ ሕግ መሆኑ ቀረና ሰውየው ከፈጣሪው ጋር ስላለው ግንኙነት ሆነ። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንዲህ ያለ ነገር ከአጥቢያ መሪ እንደማይጠበቅ ወዲያው መግለጫ አወጣች፤ ደግ አደረገች።

አሁን አንድ አንባቢ «ሃይማኖት ስለ ሐቅና ስለ ፍትሕ ዝም ይበል ነው የምትሉት?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። አይደለም። በ1981 የአሜሪካ መንግሥት ኤም ኤክስ የተባለውን የኑክሌር ሚሳይል በዩታና በኔቫዳ በረሃ ሊተክል ሲያስብ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንትና አማካሪዎቹ ስማቸውን ፈርመው ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ቀረ። ያ በግልጽ የተነገረ፣ ባለቤት ያለው ቃል ነበር፤ የትኛውንም ፓርቲ ምረጡ አላለም። ይህን የመሰለውን ንግግር እናከብራለን።

ቃሉ ወደ አጥቢያ ሲወርድ ግን መልኩ ይለወጣል። በ1977 በሶልት ሌክ ሲቲ የሴቶች ጉባኤ ሲጠራ የቤተ ክርስቲያኒቱ የሴቶች ማኅበር ከየአጥቢያው አሥር አሥር ሴቶች እንዲሄዱ ጠየቀ፤ ከ13 ሺህ በላይ ሴቶች ጎረፉና የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ሁሉ ጣሉት። ብዙዎቹ የሄዱት ቢሾፓቸው ስለጠራቸው ነው። በ2008 በካሊፎርኒያ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ይሁን የሚለው ሕግ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ከሶልት ሌክ የመጣው ደብዳቤ አባላት በጊዜያቸውና በገንዘባቸው እንዲረዱ ጠየቀ። ስለ ጋብቻው ያለን እምነት እኛም የታወቀ ነው፤ የምንጠይቀው ስለ አካሄዱ ነው። በወቅቱ እንደተዘገበው በአንዳንድ ቦታ የስቴክና የአጥቢያ መሪዎች አባላትን በግል እየጠሩ «ከአንተ ይህን ያህል ይጠበቃል» እስከ ማለት ሄደዋል። አሥራትህን የሚያውቅ ሰው፣ የመቅደስ ወረቀትህን የሚፈርም ሰው፣ ለምርጫ ቅስቀሳ ገንዘብ ሲጠይቅህ «አይ» የምትለው በየትኛው አፍህ ነው? ሐሳቡ ትክክል ቢሆን እንኳ ይህ ማስገደድ ነው።

በዚህ ላይ ሞርሞኖች የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ፈጣሪ ባስነሣቸው ጥበበኞች የተጻፈ ነው ብለው ያምናሉ። በሕዝቡ መሀል ደግሞ «የነጭ ፈረስ ትንቢት» የሚባል ወሬ አለ፦ ሕገ መንግሥቱ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ያኔ የሚያድኑት ሞርሞኖች ናቸው ይላል። ፕሬዚዳንቱ ጆሴፍ ኤፍ ስሚዝ ከመቶ ዓመት በፊት ትንቢት አይደለም ብለው ውድቅ አድርገውታል። ወሬው ግን አልሞተም፤ ፓርቲው ሲፈልገው ይነሣል። በ2016 መጀመሪያ አሞን በንዲ የተባለ ሰው ጭፍሮቹን ይዞ በኦሪገን የመንግሥት የዱር እንስሳት መጠለያን በጠመንጃ ሲይዝ ፈጣሪ መርቶኛል ብሎ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በጥብቅ አወገዘችው። በጥቅምት 2020 ደግሞ የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ በአሪዞና የምርጫ ሰልፍ ላይ ዶናልድ ትራምፕን ከመጽሐፈ ሞርሞን ጀግና ከካፒቴን ሞሮናይ ጋር አመሳሰሉ። ሁለት ወር አለፍ ሲል፣ በጥር 6 ቀን 2021፣ ምክር ቤቱ ሲወረር ልክ እንደ ሞሮናይ የለበሰ ሰው ከሕዝቡ መሀል ታየ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካን የሜሳ ከተማ ነገር ነው። አሪዞና ውስጥ ናት፤ ሞርሞኖች የቆረቆሯት። የግዛቱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ረስቲ ባወርስ ሞርሞንም ሪፐብሊካንም ናቸው፤ በ2020 ምርጫም ትራምፕን ደግፈዋል። ከምርጫው በኋላ የግዛቱን ውጤት ይገለብጡ ዘንድ ተደውሎላቸው እምቢ አሉ። ሕገ መንግሥቱ ከፈጣሪ የሆነ ነው፣ ምዬበታለሁ፣ ስለዚህ አልችልም ብለው በሰኔ 2022 በኮንግረስ ፊት መሰከሩ። በቀጣዩ ነሐሴ የራሳቸው ፓርቲ የእጩዎች ምርጫ ላይ በሌላ ሞርሞን፣ በዴቪድ ፋርንስዎርዝ ተሸነፉ። እኚህ ሰው ደግሞ በምርጫ ክርክሩ ላይ፣ የ2020ው ምርጫ የተሰረቀው ሰይጣን ራሱ በመራው ሴራ ነው አሉ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ እምነት፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ፓርቲ። አንደኛው በፈጣሪ ስም ራሱን አሠረበት፣ ዋጋም ከፈለ። ሌላኛው በፈጣሪ ስም ባላንጣውን ከሰይጣን ወገን አሰለፈበት፣ ወንበርም አገኘ። እስቲ ፍረዱ፤ የትኛው ነው ኢልሃም የሚመስለው?

ማን ማንን እንደሚመራ የታየው ግን በነሐሴ 2021 ነው። ፕሬዚዳንቱ ራስል ኔልሰን፣ ራሳቸው የልብ ቀዶ ሐኪም የነበሩ፣ ከአማካሪዎቻቸው ጋር ፈርመው አባላት የኮቪድን ክትባት እንዲወስዱና ጭምብል እንዲያደርጉ መከሩ። ከአባላቱ ጥቂት የማይባሉት «ይህ የግላቸው አስተያየት ነው» ብለው ገፉት። በ1936ቱ ሰዎች የፈቀድነውን ለእነዚህም መንፈግ አንችልም፤ መብታቸው ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የ1936ቱ ሰው «መሪዬን አከብራለሁ፣ ስለ ሩዝቬልት ግን ተሳስቷል» አለ። ከ2021ዱ ሰዎች አንዳንዱ ግን «ነቢዩ የኔን ፓርቲ ካልደገፈ ነቢይነቱ ያጠራጥራል» ወደ ማለት አዘነበለ። ለዓመታት ፓርቲውን ከምሪት ጋር አንድ አድርገው ያስለመዱት ሰው፣ ሁለቱ ሲጋጩበት የያዘው ፓርቲውን ነው።

እኛንም ይነካል ያልነው ይኸው። በ1838 የሚዙሪ ግዛት ገዥ ሞርሞኖች ከግዛቱ ይባረሩ፣ ካልሆነም ይጥፉ የሚል ትእዛዝ አውጥቶባቸዋል። ያን ያህል የተሰደዱ ሰዎች በ1841 የራሳቸውን ከተማ ናቩን ሲያቋቁሙ ባወጡት ደንብ የየእምነቱ ሰው በነፃነት ያምልክ ሲሉ ሙስሊሞችን በስም ጠርተው ጻፉ፤ በዘመኑ አነጋገር «ሙሐመዳውያን» ብለው። በታኅሣሥ 2015 ትራምፕ ሙስሊሞች አሜሪካ እንዳይገቡ ይከልከሉ ሲል ቤተ ክርስቲያኒቱ በማግሥቱ ያንን የ1841 ደንብ አውጥታ አሳተመች፤ በፓርቲ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ፣ በሃይማኖት ነፃነት ግን አይደለሁም አለች። ማንንም በስም አልጠራችም። ጥቅስ ፈልጋ የፓርቲን ልብስ አልሰፋችበትም። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ትራምፕ ዩታን ቢያሸንፍም ያገኘው ድምፅ ከግማሽ በታች ነበር፤ ከ100 መራጭ 21 ያህሉ ኤቫን መክመለን የተባለውን ሞርሞን የግል ተወዳዳሪ መረጡ። እኛ ለዚያ መግለጫ ባለ ዕዳ ነን ብንል አናፍርም።

እንግዲህ ጉድለቱ የት ላይ ነው? የቅዱስ መጽሐፋቸው ክፍል አድርገው በያዙት፣ ስሚዝ በ1839 ከሚዙሪ እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ትንሽ ሥልጣን የቀመሰ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ያለ አግባብ ሊጫን ይሞክራል የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ትምህርቱ አልጠፋም። ደንቡም አለ፤ ከ2011 ጀምሮ የሙሉ ጊዜ ከፍተኛ መሪዎች ለእጩ መቀስቀስ እንደማይገባቸው ተጽፏል። ቢሾፕና የስቴክ መሪ ግን በግላቸው መወዳደርም መቀስቀስም ይችላሉ፤ የሹመት ስማቸውን አይጠቀሙ ብቻ ነው የሚባለው። ሰፈሩ ሁሉ ቢሾፕነታቸውን በሚያውቅበት ከተማ ስሙን አለመጠቀም ምን ማለት እንደሆነ ይቸግረናል።

ከዚያም አቤቱታ አለ። ቢሾፑ ምርጫን ከምሪት ጋር ቀላቅሎብኛል የሚል አባል ወደ ሶልት ሌክ እንዳይጽፍ ይመከራል፤ ቢጽፍም ደብዳቤው ተመልሶ ወደ ስቴኩ መሪ ይላካል። የስቴኩ መሪ ያን ቢሾፕ ለሹመት ያቀረበው ሰው ነው። ቢሾፑ ከምርጫ በፊት ቆሞ የሚያነበው የገለልተኝነት ደብዳቤ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ቢጨመርበት እንወዳለን፦ ይህን ያነበበላችሁ ሰው ራሱ ካፈረሰው፣ ከስቴኩ ውጪ ለዚህ ቢሮ በዚህ አድራሻ ጻፉ።